ብርድ ይወዳል

እትዬ በረዶ ትልቁን ፍሪዘር ከፍተው እጃቸውን ከዓሣው መሃል ሰደዱ። ትንሿ ካርቶን ስትወጣ የአንድ ዓሣ ጅራት ተጣብቆባት አብሮ መጣ። ጅራቱን በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው አላቀቁትና ካርቶኗን በሽርጣቸው ጠርገው ከፈቷት። ውስጧ ያለችው ብልቃጥ ከጣት አትበልጥም። ከመድኃኒት ቤት የመጣች ዕለት ልጃቸው ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲያሳያቸው ውሃ የመሰለ ነገር ነበር የያዘችው፤ አሁን ነጭ ሆናለች። ነቀነቋት። ጆሯቸው ሥር አድርገው ደግመው ነቀነቋት። ውስጧ ያለው ነገር እንደ ጠጠር ደርቆ ዝም ብሏል። ደስ አላቸው። ምንም ያልነካት፣ ምንም ያላበላሻት መሰላቸው።

ልጃቸው ከሆስፒታል የደወለው ሱቁን ሳይከፍቱ ነው። “እማ፣ ወለደች። ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው” አለና እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አላስጨረሳቸውም። “የልጅቷ ደም ተመርምሮ ፖዘቲቭ ነው ተባለ። መርፌው የግድ ነው። ከፍሪጅ አውጥተሽ፣ ፔርሙስ ውስጥ ከበረዶ ጋር አድርገሽ ይዘሽልኝ ነይ።” እትዬ በረዶ ነገሩን የሚያውቁት ልጃቸው እራት ላይ በነገራቸው ልክ ነው። የምራታቸው ደም ኔጌቲቭ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የባሏ ደግሞ ፖዘቲቭ። ልጅ ባባቱ ከወጣ በወሊድ ሰዓት ደሙ ወደ እናቱ ያመልጣል፤ የእናት ሰውነትም ይህን እንግዳ ደም ጠላት ይመስለውና መሣሪያ ያዘጋጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ ተወልዶ አምልጧል፤ መከራው የሚወርደው በሚቀጥለው ላይ ነው። መርፌው በሦስት ቀን ውስጥ ከተወጋ ግን ሰውነቷ እንግዳ መምጣቱንም ሳያውቅ ያልፋል። ምራታቸው በሰባተኛው ወር አንዷን ተወግታለች። ይቺ ለወሊድ የተቀመጠችው ሁለተኛዋ ናት፤ እሷም የተገኘችው በስንት መከራ ነው።

ሠፈርተኛው “እትዬ በረዶ” የሚላቸው በፍሪዘራቸው ነው። በፊታቸው ነው የሚልም አለ፤ ዱቤ የተከለከለ ሰው መቼም አፉ አያርፍም። ዓሣ መሸጥ የጀመሩት ልጃቸው ጡት ሳይጥል ነው፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት በተቀጠለችው ባለ አንድ በር ሱቅ። ሚዛኑ፣ የመክተፊያው ጣውላ፣ አንድ በርጩማና ያ የሬሳ ሣጥን የሚያህል ፍሪዘር ከገቡባት በኋላ ለደንበኛ የሚተርፈው መቆሚያ ብቻ ነው። ፍሪዘሩ ግን ፍሪዘር ነው። መብራት ጠፍቶ ቢያድር ክዳኑ ካልተከፈተ በረዶው አይለቅም። ጎረቤት ሥጋ ሲተርፈው እዚያ ያሳድራል፤ እግሩ ወለም ያለው ልጅ ሁሉ በረዶ የሚለምነው ከዚያ ነው። በእትዬ በረዶ ዘንድ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ፍሪዘር የገባና የተበላሸ።

ስለዚህ ከምጡ በፊት በነበረው ማታ መብራት ድንገት ድርግም ሲል፣ ባልና ሚስቱ ለምርመራ ወጥተው ሳይመለሱ፣ እትዬ በረዶ ያሰቡት ያቺን ካርቶን ነበር። የቤቱ ፍሪጅ ያረጀ ነው፤ በሩ የሚዘጋው በላስቲክ ታስሮ ነው። እጃቸውን ከተው ሲዳብሱት ላብ ላብ ይላል። ልጃቸው ስለ መድኃኒቱ አቀማመጥ የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ብርድ ይወዳል” ብሏቸዋል። ብርድ ከሚወድ ነገር ጋር እሳቸው ዕድሜያቸውን ኖረዋል። ካርቶኗን አንስተው ከሁሉ ከሚሻለው ዓሣ ሥር ከተቷት፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ በእጃቸው ሁለት ጊዜ ተጫኑት። ለልጅ ልጃቸው የመጀመሪያውን ውለታ እንደዋሉላት ቆጥረው ነበር የተኙት። ሲነጋጋ ምጡ መጣ፤ ግርግር ሆነ፤ ፍሪጁን ከፍቶ ያየ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አምጣ ሌሊቱን ወለደች።

አሁን ብልቃጧን ይዘው ሲወጡ ነው ትንሽ ጥርጣሬ የገባቸው። ልጁ ከፍሪጅ አውጪ እንጂ ከፍሪዘር አላለም። ደግሞስ እንዲህ ደርቃ በምን መርፌ ትመጠጣለች? ይህን ሲያስቡ ብልቃጧን ከጡታቸው መሃል ወሸቋት። ዓሣቤቱን ዘግተው፣ ልብስ ቀይረው፣ በረዶ ፈልፍለው ፔርሙሱን እስኪሞሉ ድረስ ቀለጠች። አውጥተው አዩዋት። ጥርት ያለች ውሃ ሆናለች፣ እንደመጣች ዕለት። ወደ ካርቶኗ መልሰው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ፔርሙሱ ውስጥ አኖሯት።

አንድ ቃል ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን በዚያ ቤት አማትና ምራት ቃል ከተለዋወጡ ወራት አልፈዋል። ምራቲቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል መኪናዋን ስታንቀጫቅጭ ትውላለች። የደም ምርመራው ውጤት በመጣ ሰሞን እትዬ በረዶ ከጎረቤታቸው ከጸጉር ሠሪዋ ጋር ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ “ልጄ ሾተላይ ያለባት አግብቶልኝ አረፈው” ብለው ነበር። በሱቁና በቤቱ መሃል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ምራታቸው መጋረጃው ኋላ ውሃ በብርጭቆ ይዛላቸው ቆማ ነበር። ውሃውን ሰጠቻቸው፤ ብርጭቆውን እስኪመልሱ ጠበቀች፤ ገባች። ከዚያ ወዲህ “እሺ እትዬ” እና “ደህና አደሩ እትዬ” ብቻ ሆነ። የቀረውን ሁሉ ልጃቸው ያመላልሳል፤ የጨው ማለቅ ሳይቀር በሱ በኩል ነው የሚነገረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እትዬ በረዶ ይቅርታ ማለት አማራቸው እንጂ አፋቸው አልታዘዝ አለ።

“ሾተላይ” የምትለዋን ቃል የት እንደተማሯት ልጃቸው እንኳ አያውቅም። ከሱ በኋላ ሁለት ወልደዋል። ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው እንደ ሰም ቢጫ ሆነው፣ ማልቀስ አቅቷቸው፣ እቅፋቸው ላይ አለቁ። ያኔ የባላቸው እናት በር ላይ ቆመው፣ ለመጣ ለሄደው በሚሰማ ድምፅ፣ “ሾተላይ ናት፣ ደሟ ልጅ ይበላል” አሉ። ባልየውም ቀስ እያለ ማምሸት፣ ማደር፣ በመጨረሻም መቅረት ለመደ። እትዬ በረዶ ዕድሜ ልካቸውን የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ኖሩና፣ የተመቱበትን ዱላ ከወደቀበት አንስተው በሰው ልጅ ላይ አሳረፉት። ይህን ራሳቸው ያውቁታል። ሌሊት ሌሊት ያንገበግባቸዋል።

መድኃኒት ቤቱ አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ደንበኛቸው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊሌቶ ይወስዳል። “ምራትዎ ወለደች?” አላቸው ገና ሲያያቸው። “ወለደች።” “እንኳን ማርያም ማረቻት።” እትዬ በረዶ ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን የሳል ሽሮፕ እንደሚመርጥ ሰው እየነካኩ፣ “አንዲት የሩቅ ጎረቤት አለችኝ” ብለው ጀመሩ። “እንዲህ ያለ የፍሪጅ መርፌ ነበራት አሉ፤ ተሳስታ ፍሪዘር ከተተችው። ከቀለጠ በኋላ ግን እንደ ድሮው ነው ትላለች።”

“አለቀለታ” አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ ከሚቆጥረው ኪኒን ቀና ሳይል። “መልኩ አይለወጥም፣ ጉልበቱ ነው የሚሞተው። እሱን መወጋት ውሃ መወጋት ነው። ካርቶኑ ላይ በረዶ ስለው ሰርዘውበታል እኮ፣ ሰው አያይም።” ከዚያ ቀና አለ። “የቷ ጎረቤት ናት?”

“የሩቅ ናት። ሌላ ይኖርህ ይሆን? የምራቴ ዓይነቱ?” “የለኝም። የሷንም ስንት ቦታ ደውዬ እንዳገኘኋት ያውቃሉ” አለና ዓይናቸውን አየ። እትዬ በረዶ ምንም ሳይገዙ ወጡ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ፔርሙሱን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከፍተው ካርቶኗን አዩ። እውነትም ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ ተስላ በመስመር ተሰርዛለች። በረዶ መሆኗን አላወቁም፤ ኮከብ መስላቸው ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ በሆዳቸው፤ ሲሉት ግን አላሳቃቸውም። ዝም ቢሉስ? ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። አዋላጇ ትወጋታለች፣ ምራታቸው ተኝታ ትነሳለች፣ ልጅቷ ታድጋለች። የሚታወቀው ሌላ የተፀነሰ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ፣ “መድኃኒቱንም ተወግታ አልሆነላትም፣ ነገሩ ከደሟ ነው” ይባላል። ማን ይላል? ጎረቤቱ ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ ይላል፤ እሳቸውም ዓሣ እየመዘኑ ይሰማሉ። ቢናገሩስ? ቢናገሩ ምራታቸው የምታስበውን ያውቁታል። “ሾተላይ” ያለች አማት መድኃኒቷን በዓሣ ሥር ቀበረች። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያስባል? ልጃቸው ካሁን ቀደምም ቤት ልከራይ ብሎ ነበር። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ከፍሪዘሩ ጋር ይቀራሉ።

እትዬ በረዶ በብዙ ነገር ይታማሉ። ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ዓሣ ሸጡ ተብለው ግን ታምተው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ዓሣ ገዢ በዓይኑ አይለየውም፤ ቆዳው ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው። ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲጫኑት ተመልሶ አይነሳም። መብራት ለቀናት ባስቸገረ ሰሞን ስንቱን ለድመት ጥለውታል፤ ዓሣቤታቸው ደጃፍ የሠፈሩ ድመት ሁሉ የወፈረው በዚያ ነው። አውቶቡሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም ግን ገና አልቆረጡም ነበር።

የወላዶቹ ክፍል በረኪና በረኪና ይላል። በአልጋዎቹ መሃል የተንጠለጠለው መጋረጃ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ የወዲያኛው ሰው ጥላ ይታይበታል። ልጃቸው ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቆሟል። “መንገዱ እንዴት ነው?” አላቸው። “ደህና ነው።” “ዓሣቤቱስ?” “ዘጋሁት።” ምራታቸው ከትራሷ ቀና ብላ፣ “ደህና መጡ እትዬ” አለች። ሕፃኗን ተቀብለው ታቀፉ። ሳይታወቃቸው የአፍንጫዋን ጫፍ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁ፤ ቆዳዋ ምን ቀለም ሆኖ እንደሚመለስ አዩ። ወደ መስኮቱ ዞረው ደገሙት። ቀይ ናት፤ ምንም ቢጫ የለባት። ቀና ሲሉ ምራታቸው እያየቻቸው ነው።

አዋላጇ ትሪ ይዛ መጣች። ፔርሙሱን ተቀበለች፣ ካርቶኗን ከፈተች፣ ብልቃጧን ወደ መብራቱ አንስታ አየቻት። “ጥሩ ነው” አለች። እሷም እንኳ አላወቀችም። ክዳኗን አነሳች፤ ሲሪንጁን ከላስቲኩ አወጣች። ልጃቸው ስልኩን ይነካካል። ምራታቸው ወደ ጎኗ ዞረች። ነገሩ በዚህ አልፎ ሊሄድ ነው፤ እትዬ በረዶ ማድረግ ያለባቸው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ያውቁበታል።

“አትውጊያት፣ ልጄ” አሉ።

አዋላጇ እጇ አየር ላይ ቀረ። “ምን አሉ እማማ?”

“ፍሪዘር ውስጥ አድራለች። ደርቃ ነበር። በጡቴ ነው ያቀለጥኳት።”

ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት ጠያቂዎች እንኳ ወሬያቸውን አቋረጡ። አዋላጇ ብልቃጧን መልሳ ካርቶኗ ውስጥ ከተተችና ትሪው ላይ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ልጃቸው፣ “እማ” አለ። “ምን አስበሽ ነው? እ? ምን አስበሽ ነው?” አላቸው። ምራታቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች አልዞረችም። አዋላጇ ናት ነገሩን ያረጋጋችው። “የወለደችው ገና ሌሊቱን ነው፣ ጊዜ አለ። እኛ ዘንድ ግን የለም። ውጭ ፈልጉ፣ ዛሬውኑ።” የሚሞከርባቸው ሁለት ቦታዎች ለልጃቸው ነገረችው። እትዬ በረዶ ሕፃኗን አስተኝተው ሊከተሉት ሲሉ ልጃቸው ዞር ብሎ፣ “አንቺ እዚሁ ሁኚ። በቃሽ” አላቸው። እንዲህ ብሏቸው አያውቅም። ፔርሙሱን ብቻ ነጥቆ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። እትዬ በረዶ ሕፃኗን እንደታቀፉ የብረት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስጡኝም ያላቸው የለም፣ ልስጥም ለማለት ድፍረቱ የላቸውም። ምሳ የሚያድለው ጋሪ እየተንኳኳ መጣ፣ ሰሃን አስቀመጠ፣ ሄደ። ከወዲያኛው አልጋ አንዲት ሴት ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ታወራለች፤ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ስንት እንደገባ ትናገራለች። እትዬ በረዶ ይህን ያህል ጊዜ ከምራታቸው ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም።

“ጠልተውኝ ነው?” አለች ምራታቸው ለግድግዳው።

“መብራት ጠፋ” አሉ እትዬ በረዶ። “ፍሪጁ ሞቀ። ብርድ ይወዳል ተባልኩ። እኔ ደግሞ ከሱ የተሻለ ማስቀመጫ የለኝም።”

“እንዲህ ማን አለዎት?”

“ባልሽ ነዋ።”

ምራታቸው ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗ አብጧል። “እኔ ለሱ የነገርኩት፣ ‘ብርድ ይወዳል፣ ግን እንዳይደርቅ፣ ፍሪዘር ጋ እንዳይጠጋ’ ብዬ ነው። ለእናትህ ንገራት ብዬ ነው።”

“ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎታላ” አሉ እትዬ በረዶ። “ወንድ ልጅ መልእክት ሲይዝ እንዲሁ ነው። ጨው ሲላክ ስኳር ይዞ የመጣ ልጅ ነው።”

የምራታቸው ከንፈር ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ግን አልሆነም። “ራሴ ብነግርዎት ኖሮ” አለች። “ራስሽ እንዳትነግሪኝ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ” አሉ። ያ ሁሉ ጊዜ አልወጣ ያለው ነገር ከዚህ በላይ አልነበረም። ቀጥለውም፣ “ያቺን ቃል ማለት አልነበረብኝም” አሉ። ምራታቸው ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችና ከዳር እየቆነጠረች መብላት ጀመረች።

በልታ ስታበቃ፣ “ቅድም አፍንጫዋን ተጭነው ምን ነበር የሚያዩት?” አለቻቸው። እትዬ በረዶ ሊሸሹት ፈለጉ። ከዚያ፣ ሕፃኗን እያዩ፣ ነገሯት። ስላለቁባቸው ሁለት ልጆች ነገሯት፤ የመጀመሪያው ወንድ፣ ሁለተኛዋ ሴት እንደነበረች፣ ሴቲቱ እንደ ወንዱ እንኳ ሳትቆይ በተወለደች በማግሥቱ ቢጫ እንደሆነች። በር ላይ ቆመው ስለተናገሩት ስለ ራሳቸው አማት ነገሯት። ሲናገሩ ድምፃቸው ዓሣ ሲመዝኑ እንደሚሆነው ደረቅ ነበር። ምራታቸው እስከ መጨረሻው ሰማችና ጠየቀች።

“ሁለቱም ከልጅዎ በኋላ ነው የተወለዱት?”

“ከሱ በኋላ ነው።”

“እሱ የመጀመሪያ ስለነበረ ነው ያመለጠው” አለች ምራታቸው። “ባይመረመሩም እንደኔ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ እትዬ። ደምዎ ማንንም አልበላም። ያኔ ይቺን መርፌ የሰጠዎት ሰው አልነበረም፤ ይኸው ነው።”

እትዬ በረዶ የሽርጣቸውን ጫፍ ፈለጉ። ሽርጡን ሱቅ ትተውት ነው የመጡት። ዕንባቸው በአገጫቸው ወርዶ የሕፃኗ መጠቅለያ ላይ ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ አለ፤ በእጃቸው እንዳይጠርጉት ሁለቱም እጃቸው ተይዟል። ምራታቸው ከትራሷ ሥር ፎጣ አውጥታ ዘረጋችላቸው፤ መያዝ አለመቻላቸውን ስታይ ራሷ ጠረገችላቸው። እንደ ልብስ ሰፊ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ልጃቸው ሲመለስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲባል፣ በመጨረሻ ያ ዓሣ የሚወስደው ባለ መድኃኒት ቤት ከተማው ዳር ካለ አንድ ክሊኒክ አገኘለት። “‘የሩቅ ጎረቤቷ የናንተው ናት ማለት ነው’ አለኝ” አለ እናቱን ሳያይ። አዋላጇ አዲሲቷን ብልቃጥ ከፔርሙሱ አወጣች፣ በጣቶቿ ዳሰሰቻት። “ደህና ናት። ግን ቀዝቅዛለች፣ እንዲህ አትወጋም። ትንሽ ለብ ትበል” አለችና ልታስቀምጣት የጠረጴዛውን ጥግ አየች። ልጃቸው ቀድሞ እጁን ዘረጋ፣ “እኔ እይዛታለሁ።”

“ለእናትህ ስጣት” አለች ምራታቸው።

እሱ አመነታ። ምራታቸው ሕፃኗን ከእትዬ በረዶ እቅፍ ወሰደችና፣ “እትዬ፣ እርስዎ ያሙቁልኝ” አለቻቸው።

እትዬ በረዶ እጃቸውን አዩ። ዕድሜ ልኩን በረዶ ሲፈለፍል የኖረ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ተቆላምመዋል፣ የጥፍሮቹ ሥር ተሰነጣጥቋል። እንዳይቀዘቅዝባት ፈሩ። መዳፋቸውን አፋተጉ፣ ተነፈሱበት፣ ደግመው አፋተጉ። ከዚያ ብልቃጧን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ከደኑና ደረታቸው ላይ አደረጓት። ምራታቸው ሕፃኗን ጎኗ አስተኝታ እያየቻቸው ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሿ ረዘም ረዘም አለ። ከምጡ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት ገና መጀመሪያዋ ነው።

አዋላጇ ተመልሳ መጥታ እጇን ስትዘረጋ፣ እትዬ በረዶ መዳፋቸውን በትንሹ ገለጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው ብልቃጧን ዳሰሱ።

“ቆይ ልጄ” አሉ ቀስ ብለው፣ የተኛችው እንዳትነቃ። “ትንሽ ይቀራታል።”